እድር ለታመመችውም ይድረስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በጥቅምት ወር ስለ ጡት ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ነው። ጡታችሁን ፈትሹ፣ እብጠት ካገኛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ ይላል። ልክ ነው፣ ብዙዎቹ ሕመሙ ከተስፋፋ በኋላ ነው የሚመጡት። ግን እንደ ሁልጊዜው ጽሑፉ እዚያ ላይ አለቀ። እሺ፣ አንዷ ፈተሸች፣ እብጠቱን አገኘች፣ ሄደች፣ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ተመረመረላት (ባዮፕሲ ይሉታል)፣ ካንሰር ነው ተባለች። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠውን ጊዜ ማን ይጻፈው? ጥቅምት ሲያልፍ ወሬውም አብሮ ያልፋል። ሴትዮዋ ግን ገና ሁለተኛ ዙር ኬሞዋ ላይ ናት፣ ኬሞ ማለት በየዙሩ የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት ነው።

ታላቅ እህቴን አስታምሜያለሁ። እትዬ ነው የምላት። የሰሜን ሸዋ ሰው ናት፣ የልጆች እናት፣ እኔ ጋ አዲስ አበባ ተቀምጣ ነው የታከመችው። ዛሬ ዋናውን ሕክምና ጨርሳ ቤቷ ገብታለች፣ ተመስገን። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ከብዙ ሴቶችና አስታማሚዎች ጋር ተዋውቄያለሁ። አብዛኞቹ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ያሉ፣ ቤት የሚጠብቃቸው እናቶች ናቸው። ያየሁት ነገር አንድ ነው። እነዚህ ሴቶች ሕክምናውን የሚያቋርጡት መድኃኒቱን ጠልተው አይደለም፣ በመድኃኒቱ ዙሪያ ያለው ነገር አቅም አሳጥቷቸው ነው። የትራንስፖርቱ፣ የማደሪያው፣ የማቅለሽለሹ፣ የፍርሃቱ፣ ልጆቼን ማን ያበላልኝ የሚለው ሐሳብ። ይሄ ደግሞ የሐኪም ሥራ ብቻ አይደለም። የኛም ነው። በተለይ የእድሮቻችን ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ መደበቅ ልናገር፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚያ ጋ ነው። እኛ አገር ክፉ ውጤት ሲመጣ ለታማሚዋ አይነገርም፣ ለወንድሟ ወይም ለባሏ ነው የሚነገረው። የኛም ዘመዶች "እንዳትሰማ፣ ትደነግጣለች" ብለው ተማክረው ነበር። እትዬ ግን ቀድማ አውቃለች። "የክፍሉ በር ላይ የተጻፈውን ማንበብ አያቅተኝም እኮ" አለችን። ካወቀች በኋላ ነው ሁሉም ነገር የቀለለው፣ ጥያቄዋን ራሷ መጠየቅ ጀመረች። አጠገባችን ትቀመጥ የነበረች አንዲት ሴት ግን "ለደምሽ ማነስ የሚሰጥ ግሉኮስ ነው" ተብላ ነው ኬሞ የጀመረችው። ሁለተኛው ዙር ላይ ፀጉሯ በእፍኝ እየረገፈ መጣ። መርዘውኛል አለች። ማን ይፍረድባት? ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። ቤተሰቦቿ ጨካኞች አልነበሩም፣ እንደውም በጣም የሚሳሱላት ናቸው። ግን ሰው የሚታገለውን ነገር ስሙን ካላወቀ እንዴት ይታገላል? ሐኪሞችም እባካችሁ፣ ውጤቱ የሷ ነው፣ ለሷ ንገሯት። ከፈለገች ከጎኗ ሰው ይቀመጥ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ ንገሯት።

ኬሞው ራሱ እንደሚወራው ሁሉ ጨለማ አይደለም፣ ግን ቀላልም አይደለም። አንዱ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል፣ ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ሴቶቹ "ቀዩ" ይሉታል። ከወሰደች በኋላ ሽንቷ ቀይ ይሆናል። ይሄ መድኃኒቱ ሲወጣ ነው፣ ደም አይደለም። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚነግራት ሰው ስላላገኘች ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ያደረች ሴት አውቃለሁ። እትዬን ያስቸገራት ሽታ ነበር። ቁሌት ሲቁላላ ገና ከጓዳ ሽታው ሲመጣ ያስመልሳት ነበር። ስለዚህ ኬሞ በወሰደችበት ሰሞን ወጥ የሚሠራው ጎረቤት ቤት ሆነ። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ የሚዋጠው ካስመለሳት በኋላ ሳይሆን ቀድሞ፣ በታዘዘላት ሰዓት ነው። ይሄን የነገረችን አንዲት ነርስ ናት፣ እግዜር ይስጣት። አፏ ሲቆስል ደግሞ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መጉመጥመጥ ይረዳል፣ ወጪውም ምንም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን በትልቁ ይጻፍልኝ፤ ትኩሳት። ኬሞ ከተወሰደ ከሳምንት ገደማ በኋላ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች በጣም ይወርዳሉ። በዚያ ሰሞን ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ነገ ይታያል አይባልም፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እኛ የምናውቃት አንዲት ልጅ አልጋ ቤት ውስጥ ተኝታ ስትንቀጠቀጥ ብርድ ነው ተብሎ ጋቢ ተደረበባት፣ ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣት። በሁለተኛው ቀን አንድ ሌላ አስታማሚ አይቷት በታክሲ ሆስፒታል አደረሳት። ተረፈች፣ ግን ብዙ ቀን ተኛች፣ ኬሞዋም ወደ ኋላ ተገፋ። ኬሞ የምትወስድ ሴት ባለችበት ቤት ሁሉ አንድ ቴርሞሜትር መኖር አለበት። ሆስፒታሉ ባይሰጥ እንኳ ዘመድ ለጥየቃ ሲመጣ ሙዝና ብርቱካን ከሚያመጣ ያንን ቢያመጣ።

ጥየቃ ካልኩ አይቀር፣ ሕመምተኛ መጠየቅ ትልቅ ነገራችን ነው፣ አይቅር። ግን ሃያ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግቶ፣ ጉንፋን የያዘው ልጅ አልጋዋ ላይ ተቀምጦ፣ እንዲህ ዓይነቱ ጥየቃ በዚያ ሰሞን ይጎዳታል። "ደም እንዲሞላላት" ተብሎ የሚመጣው ጥሬ ክትፎም እንደዚያው። አውቃለሁ፣ በፍቅር ነው የሚመጣው። ግን ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት መከላከያ ለሌለው ሰውነት አደጋ ነው። ሥጋው ይብሰል፣ ወተቱ ይፈላ፣ እንቁላሉ ይቀቀል። ከቤት የሚጨመቅ ወይም የሚበጠበጥ ባህላዊ መድኃኒት ካለም ለሐኪሙ ይነገረው፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ከኬሞው ጋር ላይስማማ ይችላል።

ጾም ሌላው ነው። እትዬ ዓቢይ ጾም ሲገባ እንቁላል አልነካም አለች። ሐኪሙ ቢለምናት፣ እኔ ባለቅስ፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ የንስሐ አባቷን በስልክ አገናኘኋቸው። "ልጄ፣ በሽተኛ አይጾምም፣ ብዪና ተነሺ፣ ስትድኚ ትጾሚዋለሽ" አሏት። በዚያው ቀን በላች። እኛ ወር ሙሉ ያልቻልነውን እሳቸው በአንድ የስልክ ጥሪ ጨረሱት። ካህናቱና ሼኾቹ ይሄን ከመድረክ ቢናገሩት ስንቷ ሴት በሰላም ትበላ ነበር። ጸበልም ቢሆን እኔ አልቃወምም። እትዬም ትጠመቅ ነበር፣ የቀዶ ጥገናው ስፌት ከደረቀ በኋላ፣ ቀጠሮዋንም አንድ ቀን ሳታሳልፍ። የሚያስፈራኝ "አንዱን ምረጪ" የሚላት ሰው ነው።

ስለ ፀጉር ደግሞ። እኛ አገር ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ሐዘን ሲደርስባት ነው። እትዬ ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር ራሷ ተላጨችው፣ ከዚያ በሻሽ አስራ ወጣች። አንዲት የአገሯ ሰው መንገድ ላይ አይታት "ውይ በሞትኩት፣ ማን ሞተባችሁ?" ብላ ጮኸች። እትዬ ከካንሰሩ ይልቅ ያን ቀን ነው የተሰበረችው። ኬሞው ሲያልቅ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ የሷም በቅሏል። ያንን ግን ከመርገፉ በፊት ሊነግሯት ይገባ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለውን ደግሞ ማንም አይናገረውም፣ ስለዚህ እኔ ልናገረው። ጡቷ ከተነሣ በኋላ ፈሳሹ የሚወጣበት ቱቦና ማጠራቀሚያ ተደርጎላት ነው ወደ ቤት የመጣችው። በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ትዞር ነበር። በየቀኑ ፈሳሹን እየለካን ደብተር ላይ እንጽፋለን። ከብብት ሥር ዕጢዎች ከወጡ በዚያ በኩል ያለው እጅ ሊያብጥ ይችላል፣ ወዲያው ባይሆን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ። ስለዚህ እጁን እየፈሩ አቅፎ መቀመጥ አይደለም የሚያዋጣው፣ በባለሙያ ምክር ቶሎ ማንቀሳቀስ ነው። እኛ ቤት ያደረግነው ይህ ነው፤ ግድግዳው ፊት ትቆማለች፣ ጣቶቿን እንደ ሸረሪት ቀስ እያደረገች ወደ ላይ ታስወጣለች፣ የደረሰችበት ላይ ትንሹ ልጄ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። በየቀኑ ምልክቷን ለማለፍ ትጣጣራለች። መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ ነበረች፣ በኋላ እጇ ከራሷ በላይ ቀጥ አለ። ግድግዳውን እስካሁን ቀለም አላስቀባሁትም። በዚያ እጅ ምጣድ ላይ እንዳትቃጠል፣ ቁስል ካለ ቶሎ እንዲታይ፣ ቀለበትና አምባር ማጥበቅ ከጀመረ ለነርስ እንድታሳይ፣ ይሄ ሁሉ በአምስት ደቂቃ የሚነገር ነገር ነው።

ጡት ማስያዣዋ ውስጥ ደግሞ ካልሲ ጠቅልላ ትከት ነበር። ቅዳሴ ላይ ስትሰግድ እየወደቀባት። በኋላ አንዲት ጎረቤታችን በለስላሳ ጨርቅ ሰፍታ ጥጥ ሞልታ ሰጠቻት፣ ሁለት፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲደረግ። እትዬ ያንን ቀን መስታወት ፊት ረጅም ጊዜ ቆማለች። ይሄ ለሕይወቷ ከመድኃኒት ያነሰ ነገር ነው ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ካለ አልስማማም።

ገንዘቡ ጋ እንምጣ። ኬሞ ዛሬ ጅማም፣ ጎንደርም፣ ሐዋሳም ይሰጣል፣ ትልቅ ለውጥ ነው። የጨረር ሕክምናም ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከአዲስ አበባ ውጪም ተጀምሯል። ቢሆንም ለገጠር ሴት አሁንም ሩቅ ነው። ኬሞው ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው። ከመውሰዷ በፊት ደሟ ይታያል፣ ነጭ ሴሉ ወርዶ ከተገኘ "የዛሬ ሳምንት ነይ" ትባላለች። ያ ማለት ሌላ የአልጋ ኪራይ፣ ወይም ሌላ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ማለት ነው። መድኃኒቱ ፋርማሲው ውስጥ ከሌለ ደግሞ ከግል ፋርማሲ መግዛት አለ። የጤና መድን ያላቸው ጥቂት ይተነፍሳሉ፣ ግን መድኑ የአውቶቡስ ቲኬት አይቆርጥም፣ እራት አያበላም። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙትን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሳሰሉ ድርጅቶች ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማደሪያና ምግብ እየሰጡ ብዙ ሰው አትርፈዋል። ሆስፒስ ኢትዮጵያም ቤት ድረስ እየሄደ ሕመም ያስታግሳል። ይሄን የማስታገሻ ሕክምና ሰው የሚሞትበት ቀን ሲደርስ ብቻ የሚሰጥ አድርጎ ያየዋል። አይደለም፣ ገና ከመጀመሪያው ቀን ከሕክምናው ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። ግን እነዚህ ድርጅቶች ለስንቱ ይደርሳሉ? በእ.ኤ.አ. 2020 ግምት በአገራችን በዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ የጡት ካንሰር ይገኝባቸዋል።

ተቀጥራ የምትሠራዋም አልተመቻትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ቢበዛ ስድስት ወር ይላል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ኬሞው ብቻውን ወደ ስድስት ወር ሊጠጋ ይችላል። ቀዶ ጥገናው አለ፣ ጨረሩ አለ። ደመወዟ የሚቆመው እንግዲህ ወጪው በከበደበት ጊዜ ነው። የሰው ቤት ሠራተኛዋና ጉልት የምትቸረችረዋማ ይቺም የለቻቸውም። ሕግ የሚያወጡ ሰዎች ይሄን ቢያዩት እወዳለሁ። አሠሪዎች ግን ሕጉ እስኪቀየር መጠበቅ የለባቸውም፤ ኬሞ የምትወስድ ሴት በየዙሩ መካከል ጥሩ የምትሆንባቸው ቀናት አሉ፣ በነዚያ ቀናት ቀለል ያለ ሥራ ብትሠራ እሷም ትጠቀማለች።

አሁን ወደ እድር። አንድ ሰው ሲሞት እድራችን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ሴቶቹ ድስት ጥደው ሦስት ቀን እንግዳ ያስተናግዳሉ፣ ገንዘብ ያዡ ቆጥሮ ለቤተሰቡ ይሰጣል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ የለም፣ እኮራበታለሁ። እትዬ አገሯ ላይ በእድሯ ለዓመታት ወርኃዊ መዋጮ ስትከፍል ኖራለች። ስትታመም ግን ደንቡ የሚለው ነገር አልነበረም። እድርተኞቹ በግላቸው መጥተው ጠይቀዋታል፣ ከኪሳቸውም ሰጥተዋታል፣ እድሩ እንደ እድር ግን ለመኪና እንኳ የሚከፍልበት አንቀጽ የለውም። የሚከፍለው ብትሞት ነበር።

ይሄ ደግሞ የማይቻል ነገር አይደለም። ኤችአይቪ አገሩን ባስጨነቀበት በ1990ዎቹ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኛ ቤት ድረስ እየሄዱ ያበሉ፣ ያጥቡ፣ መድኃኒት ያስውጡ ነበር። እድሜ ያለው ሰው ያስታውሳል። ዛሬም አንዳንድ እድሮች ለታመመ ይረዳሉ። እኔ የምለው ሁሉም በደንቡ ይጻፈው ነው። ብዙም አይደለም። ከመዋጮው ጥቂት ተቆርጦ ለሕክምና ትራንስፖርት ይቀመጥ። ኬሞ በወሰደችበት ሳምንት የሴቶቹ እድር ተራ ገብቶ ለልጆቹ ምሳ ያድርስ፣ ድስቱም እጁም አላቸው። አንዷ እድርተኛ በቀጠሮ ቀን አብራት ትሂድ። ባልም እኮ እርዳታ ይፈልጋል፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ብቻውን ቆሞ የሚያለቅስ ስንት ወንድ አይቻለሁ፣ ማንም ቡና አልጋበዘውም።

ከሆስፒታሎቹ ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በየካንሰር ክፍሉ ስልክ የያዘች አንዲት ነርስ ትመደብ፣ ሴቶቹ የሚደውሉላት፣ የቀረችውን ደውላ የምትጠይቅ። ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ ሆስፒታሎች ይሄ ተሞክሯል። ለጡት ካንሰር የሠለጠኑ ነርሶች ታማሚዎቹን በምክርና በስልክ ሲከታተሉ ታሞክሲፈን ሳያቋርጡ የሚወስዱት ሴቶች ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ታሞክሲፈን ማለት በሆርሞን ለሚያድግ የጡት ካንሰር በየቀኑ አንድ ጊዜ ለአምስት፣ አንዳንዴም ለአሥር ዓመት የሚዋጥ እንክብል ነው። ሙቀት ሽቅብ ይልባታል፣ ሌሊት ያልባታል፣ ከዚያ "ድኛለሁ እኮ" ትልና ትተወዋለች። እትዬም አንድ ሰሞን ልትተወው ነበር። ያስቀጠላት የነርሷ ስልክ ነው፣ "ሙቀቱ የተለመደ ነው፣ ከመጣሽ እንነጋገራለን፣ እንዳትተዪው" የሚል አጭር ጥሪ።

በኛ ሰፈር እድር የደንብ ማሻሻያ ሐሳቡን ከሌሎች ሁለት እድርተኞች ጋር ጽፈን ለዳኛው ሰጥተናል፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። የሚነሣው ጥያቄ ከወዲሁ ይታወቀኛል፤ ካንሰር ከተባለ የኩላሊት ሕመምስ፣ የልብ ሕመምስ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ያልታመመ ታምሜያለሁ ቢልስ? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ ይሄን የምታነቡ፣ እድራችሁ ለታመመ የሚከፍል ከሆነ፣ አንቀጹን እንዴት እንደጻፋችሁት፣ ከመዋጮው ስንት እንደቆረጣችሁ፣ ማስረጃ የምትቀበሉት ምን ዓይነት እንደሆነ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ጻፉልን። አዘጋጁም ቦታ እንደማይነፍጉን ተስፋ አደርጋለሁ።

አንዲት አስታማሚ
ከአዲስ አበባ